በጓሮ ለሚተከል የሙቅ ውሃ ገንዳ የጸና መሠረት ስለ ማዘጋጀት

የሞቀ ውሃ ለደከመ ሰውነት ዕረፍት መሆኑን አገራችን ያወቀችው ከጥንት ጀምሮ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው በፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠሩ፤ የአዲስ አበባም መቆርቆር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ወሊሶና ሶደሬ፣ ወንዶ ገነትም በፍልውሃቸው የታወቁ ናቸው። ዛሬ ደግሞ ፍልውሃ በሌለበት ስፍራ ውሃውን በገንዳ አሙቆ በጓሮ ማኖር ተችሏል። ስለዚህ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አረጋዊት እናት ያሉት የጫንጮ ነዋሪ፣ እናቱን በየጊዜው በሩቅ መንገድ ከማንገላታት ይልቅ ገንዳ በግቢው ልትከል ቢል አሳቡ የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን ገንዳውን ከመግዛቱ አስቀድሞ የሚቀመጥበትን መሬት ሊመረምር ይገባዋል።

ጫንጮ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ በጎጃም መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። የሱሉልታ ሜዳ ለሣርና ለከብት እጅግ የተመቸ ነው፤ ጥቁሩ ዐፈር ግን ለግንብ ጠላት ነው። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ይህም በየዓመቱ ስለሚመላለስ በላዩ የተቀመጠውን ሁሉ ያነቃንቀዋል።

እስቲ ክብደቱን እናስላ። በየጎኑ 2 ሜትር የሆነ ገንዳ 1,500 ሊትር ውሃ ቢይዝ ውሃው ብቻ 1,500 ኪሎ ይመዝናል። ገንዳው ራሱ 300 ኪሎ፣ የሚገቡበትም አምስት ሰዎች 350 ኪሎ ቢሆኑ ድምሩ 2,150 ኪሎ ይሆናል፤ ይኸውም በአንድ ካሬ ሜትር ከ530 ኪሎ በላይ ነው። ሆኖም የሚያስፈራው ክብደቱ ብቻ አይደለም። የሚያስፈራው ከገንዳው የሚፈሰው ውሃ አንዱን ወገን አርሶ ሲያሳብጠው፣ ሌላው ወገን ደርቆ መቅረቱ ነው። ያን ጊዜ ገንዳው ያዘነብላል፤ ቧንቧው ይላቀቃል፤ ወለሉም ይሰነጠቃል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ ጉዳቱ የሚታየው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው።

ስለዚህ ሥራው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወራት ይጀመር። ስፍራው ከጣሪያ ፍሳሽና ከባሕር ዛፍ የራቀ ይሁን፤ የባሕር ዛፍ ሥር የዐፈሩን እርጥበት እየመጠጠ መሬቱን ያኮማትረዋልና። ጥቁሩ ዐፈር ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ድረስ ይውጣ፤ እጅግ ጥልቅ ሆኖ ካላለቀ ግን ቢያንስ አንድ ሜትር ተቆፍሮ፣ ከገንዳውም ዙሪያ በየወገኑ አንድ ሜትር ተጨምሮ ይጠረግ።

በጕድጓዱ ውስጥ የማያብጥ ገረጋንቲ ይሞላ። በአንድ ጊዜ አፍስሶ መተው ግን ከንቱ ነው፤ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ጥቂት ውሃ እየተረጨ በደንብ ይጠቅጠቅ። አሸዋ ብቻ ወይም ልል ጠጠር ብቻ መሙላት ደግሞ ስሕተት ነው፤ ጥቁር ዐፈር ውሃ ስለማያሳልፍ ጕድጓዱ ራሱ የተቀበረ ገንዳ ይሆናል። ስለዚህ በዝቅተኛው ወገን ውሃ የሚወጣበት ቦይ ይቀደድ።

በገረጋንቲው ላይ 25 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ተነጥፎ፣ ቀዳዳው በጠጠር ተሞልቶ ይደልደል። በዚያም ላይ በየጎኑ 2.60 ሜትር፣ ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኮንክሪት ይፍሰስ። በውስጡ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ፌሮ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ በሁለቱም አቅጣጫ ይዘርጋ። ቅልቅሉ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር ይሁን፤ ለዚህ አንድ ሜትር ኩብ ያህል ሥራ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ 7 ከረጢት ያህል ይበቃል። ገንዳው የሚያርፍበት ወለል በውሃ ልክ ተመዝኖ ፍጹም ልክ ይሁን፤ ከገንዳው ውጭ ያለው ጠርዝ ግን ውሃውን ወደ ቦዩ እንዲያፈስ ጥቂት ያዘንብል።

ኮንክሪቱ ቢያንስ 7 ቀን በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ውሃ ይጠጣ፤ የጫንጮ ሌሊት ውርጭ ስለሚጥልበት ማታ ማታ ገለባ ይደረብበት። ገንዳውም 28 ቀን ሳይሞላ ውሃ አይሙላ። የኤሌክትሪኩን ሥራ ዐዋቂ ባለሙያ ይሥራው፤ ወደ መሬት የሚወርደውም ሽቦ አይዘንጋ።

ለቤት እመቤቶችም አንድ ቃል እንጨምር። የውሃው ሙቀት ከ40 ዲግሪ አይለፍ። የልብ ሕመም ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት አስቀድመው ሐኪም ይጠይቁ። ሕፃናት ባሉበት ቤት ገንዳው ሁልጊዜ ተከድኖ ይቈለፍ።

በመጨረሻም ባለቤቱ ሥራውን ለግንበኛ ብቻ ትቶ አይሂድ። የገንዳውን ማማር እንግዳ ሁሉ ያየዋል፤ ከሥሩ ያለውን ግን ጕድጓዱ ሳይዘጋ የለካው ብቻ ያውቀዋል። እናቱን ከሙቅ ውሃው ያለ ሥጋት ሊያስገባ የሚችለውም እርሱ ነው።