አውቶሞቢልን ስለ መጠበቅ፤ በሆሳዕናና በሐድያ፥ በከምባታም ከተሞች ላሉ ባለመኪኖች የሚሆን ምክር

አንድ ወረዳ እህል በብዛት ቢያመርት፥ ያመረተውን ወደ ገበያ የሚያደርስበት ካላገኘ ሀብቱ በጎተራ ይነቅዛል፤ ማዳበሪያና ምርጥ ዘርም ዝናቡ ሳይቀድማቸው ካልደረሱ የገበሬው ድካም ከንቱ ይሆናል። ይህን የማድረስና የማመላለስ ሥራ በዛሬው ዘመን በአብዛኛው የተሸከመው አውቶሞቢል ነው። የሌሞ ስንዴ፥ የዶዮገና በግ፥ የሐደሮ ዝንጅብል፥ ከየደጁ የሚወጣውም ቆጮ በመኪና ተጭኖ ይሄዳል። ስለዚህ የአውቶሞቢል አጠባበቅ የባለቤቱ የግል ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የእርሻና የአስተዳደር ጉዳይም መሆኑን አስተዳዳሪዎችና ባለይዞታዎች ሊያስቡበት ይገባል።

አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ የተስተካከለ መንገድ በሌለበት አገር በብዙ ድካም ነድቶ አዲስ አበባ አደረሰው። ቀጥሎም የመኪና ጥገና እየተለመደ ሲሄድ ብዙዎቹ የዕቃ ስሞች ከጣሊያንኛ ተወሰዱ። ፍሬን፥ ማርሽ፥ ፍሪሲዮን፥ ባሌስትራ፥ ካላማዳሪያ እየተባለ ዛሬ በየጋራዡ የሚነገረው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው። ስሙን ሁሉም ያውቀዋል፤ አጠባበቁን ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

የባለመኪናው ኀላፊነት ዛሬ ከቀድሞው የከበደበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከ7 ዓመት በላይ ባገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን መንግሥት አስታወቀ። ከዚህ የተነሣ ዛሬ በእጅ ያለው መኪና ቢበላሽ ነገ በቀላል ዋጋ የሚተካ አይደለም። እንግዲህ ባለመኪና ያለውን መጠበቅ ግድ ሆኖበታል፤ ለመጠበቅም ማወቅ፥ ያወቀውንም ለጎረቤቱ መንገር ያስፈልገዋል።

በመጀመሪያ አገሩን ማወቅ ይገባል። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከኀይሉ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ ውኃም 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ጭነት የያዘ መኪና ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ቶሎ ይግላል። ብዙ ሰዎች የሚንቁት የራዲያተር ክዳን እዚህ ላይ ትልቅ ሥራ አለው፤ ይኸውም ግፊቱን አፍኖ በመያዝ ውኃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። የክዳኑ ጎማ የተሰነጠቀ እንደሆነ ውኃው በየጊዜው ይጎድላል፤ ባለቤቱም የሞተር በሽታ መስሎት ብዙ ገንዘብ ያወጣል። አዲስ ክዳን ግን ከመኪና ዕቃ ሁሉ እጅግ ርካሽ ከሆኑት አንዱ ነው። ሞተሩ የጋለ እንደሆነ መኪናውን አቁሞ እስኪበርድ መታገሥ ይገባል፤ ትኩሱን ክዳን የከፈተ ሰው ፊቱን ይቃጠላልና። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስም ብረቱን ይሰነጥቃል።

ሁለተኛው ቁልቁለቱ ነው። ከደጋው ወደ ጊቤና ወደ ኦሞ ሸለቆ የሚወርድ መኪና ፍሬኑን ብቻ ተማምኖ የሄደ እንደሆነ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፥ የፍሬኑም ዘይት ይፈላል፤ በመጨረሻም ፔዳሉ ቢረገጥ መልስ አይሰጥም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የመሳብ ጠባይ ስላለው፥ ብዙ ዓመት ሳይለወጥ የቆየ ዘይት ቶሎ ይፈላል። ስለዚህ ዘይቱን በየ2 ዓመቱ መለወጥ፥ ቁልቁለቱም ሳይጀመር ዳገቱ በሚወጣበት በዝቅተኛው ማርሽ መያዝ ይገባል።

ቤንዚን ለመቆጠብ ሲሉ ቁልቁለቱን በፎሌ የሚነዱ ሾፌሮች ጥቂት አይደሉም። ይህ ከንቱ ቁጠባ ነው። በአሁኑ ዘመን ኢንጀክሽን ያላቸው ሞተሮች በማርሽ ሆነው ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ የነዳጁን መግባት ይዘጋሉ፤ በፎሌ ሲሆኑ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠላቸውን አይተዉም። ሞተሩን አጥፍቶ መውረድ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው፤ የፍሬኑ ረዳት ኀይል ወዲያው ያልቃል፥ መሪውም ይከብዳል። በዚህ ልማድ የሚተርፈው ነዳጅ የለም፤ የሚጠፋው ግን የሰው ነፍስ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ነዳጅ ነው። በየክልሉ እንደሚታየው ቤንዚን በማደያ ሲጠፋ በፕላስቲክ ጠርሙስ ተቀድቶ በየመንገዱ ዳር ይሸጣል። ይህ ቤንዚን ዋጋው ከመወደዱም በላይ ነጭ ጋዝ ወይም ውኃ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ጥቂቱን በንጹሕ ብርጭቆ ቀድቶ ማቆየት ጥሩ ነው፤ ውኃ ካለበት ከታች ይዘቅጣል። ነጭ ጋዝ ግን በዐይን አይለይምና፥ ሞተሩ ከተቀዳ በኋላ መንኳኳት ወይም ማጨስ የጀመረ እንደሆነ የነዳጁን ምንጭ መጠርጠር ያስፈልጋል። የናፍጣ መኪና ያለው ሰው በፊልትሮው ሥር የሚጠራቀመውን ውኃ በየጊዜው ያፍስስ። ቤንዚንን በመኖሪያ ቤት ውስጥ፥ ይልቁንም ምድጃ ባለበት ማከማቸት ግን ቤተ ሰብን ለእሳት አሳልፎ መስጠት ስለሆነ ፈጽሞ የተነወረ ነው።

አራተኛው ጭቃና አቧራ ነው። በክረምት የሐድያና የከምባታ አፈር ጎማ ይይዛል። በጭቃ ውስጥ የገባ ሾፌር ነዳጅ አብዝቶ በሰጠ ቁጥር ጎማው በቦታው እየዞረ ይቀበራል፤ ስለዚህ በዝቅተኛ ማርሽ፥ በቀስታና ሳያቋርጥ መሄድ ይሻላል። አካፋ፥ ገመድና ከክሪኩ ሥር የሚነጠፍ ጠንካራ ሳንቃ ከመኪናው አይለዩ፤ ክሪክ ያለ ሳንቃ በጭቃ ላይ ይሰምጣል እንጂ መኪና አያነሣም። የሞላ ወንዝ ሲያጋጥም ጥልቀቱ ሳይታወቅ መግባት አይገባም። መኪናው በውኃ ውስጥ ከጠፋ ደግሞ መልሶ ለማስነሣት መሞከር ክልክል ነው፤ በአየር መሳቢያው በኩል ውኃ የገባበት ሞተር ሲነሣ ውስጡ ይሰበራልና። በበጋ ጊዜ ደግሞ የአየር ፊልትሮው በአቧራ ይታፈናል፤ አየሩ አስቀድሞ በሳሳበት አገር ይህ በድካም ላይ ድካም መጨመር ነው።

አምስተኛው ጎማ ነው። ያገለገለ ጎማ አዲስ መስሎ ይሸጣል፤ ነገር ግን ዕድሜው በጎኑ ላይ ተጽፏል። በጎማው ጎን ከተጻፉት ምልክቶች መጨረሻ ላይ 4 አኃዞች ይገኛሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፥ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን በአውሮፓ አቈጣጠር ያመለክታሉ። ለምሳሌ 2319 የሚል ቢሆን በ2019 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ከ10 ዓመት ያለፈውን ጎማ መግዛት አይገባም፤ ጎማ ሳይነዳበትም ያረጃልና። ከመጠን በላይ መጫንም ጎማውንና ባሌስትራውን አብሮ ይጎዳል። ቆጮ ውኃ ያዘለ ከባድ ጭነት መሆኑን ጫኚ ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ በዐይን ግምት ሳይሆን በሚዛን መጫን ይበጃል።

ስለ መኪና ግዢም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ገዢ ቀለሙንና መቀመጫውን ከማየቱ በፊት የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር በሊብሬው ላይ ካለው ጋር ያስተያይ፤ በመኪናው ላይ የባንክ ዕዳ ወይም እገዳ አለመኖሩንም ከመዘገበው መሥሪያ ቤት ይጠይቅ። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ግዴታ ነው፤ ዓመታዊው ምርመራም ቦሎ ለመለጠፍ ብቻ የሚፈጸም ሥርዐት ተደርጎ መታየት የለበትም።

በሌላ በኩል በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪኖች እየመጡ ነው። እነዚህ መኪኖች በከፍታ ምክንያት ኀይላቸው አይቀንስም፤ ቁልቁለት ሲወርዱም ከሚባክነው ኀይል ከፊሉን ወደ ባትሪያቸው ይመልሳሉ። ይህ ለደጋና ለቈላ አገር ታላቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ከአዲስ አበባ እስከ ሆሳዕና ያለው መንገድ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና፥ በደርሶ መልሱ ባትሪው የት እንደሚሞላ ሳያስቡ መነሣት በመንገድ ላይ መቅረትን ያመጣል። ብርቱካናማ ቀለም ያለው ገመዳቸው ሰው የሚገድል ኀይል ስለሚተላለፍበት፥ ትምህርቱን ያልተማረ ጠጋኝ እንዳይነካው ማስጠንቀቅ ይገባል። ወጣቶችን ለዚህ ጥገና የሚያዘጋጅ የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ካሁኑ ቢታሰብበት፥ መኪኖቹ በዝተው ከመጡ በኋላ ከመጨነቅ ያድናል።

ከዚህ በላይ የተነገረው ምክር አዲስ ጥበብ አይደለም፤ ከፊሉን ጎሚስታው፥ ከፊሉን ሾፌሩ፥ ከፊሉን መካኒኩ ያውቀዋል። ጉድለቱ ዕውቀቱ ተበታትኖ መቅረቱ ነው። አንዱ ባለመኪና በዱራሜ ተታሎ የገዛውን ሐሰተኛ ፊልትሮ፥ ሌላው በሾኔ በማግሥቱ ይገዛዋል፤ አንዱ በብዙ ብር የተማረውን ሌላው በዚያው ብር ደግሞ ይማረዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፥ ልምድም በአንድ ሰው ላይ ሲሆን ኪሳራ፥ ለብዙ ሰው ሲደርስ ግን ሀብት ይሆናል። ልምዱን የሚናገር ሰውም የሰማውን ሳይሆን ያየውን፥ ዕቃው ስንት ኪሎ ሜትር እንዳገለገለና መቼ እንደተበላሸ ለይቶ ይናገር፤ በስሚ ስሚ የሰውን ንግድ ማጥፋት ነውር ነውና።

ስለዚህ ለአስተዳዳሪዎች የሚከተለው ይመከራል። አንደኛ፥ ለእያንዳንዱ የመንግሥት መኪና አንድ መዝገብ ይከፈትለት፤ ዘይት፥ ፊልትሮ፥ ቺንጋ፥ የፍሬን ሸራና ጎማ የተለወጡበት ቀንና ኪሎ ሜትር ይጻፍበት፤ ሾፌር ሲለወጥም መዝገቡ ከቁልፉ ጋር በፊርማ ይተላለፍ። ሁለተኛ፥ ክረምት ከመግባቱ በፊት በግንቦት ወር፥ አንቡላንስና ማዳበሪያ የሚያመላልሱ መኪኖች ከሁሉ አስቀድመው ይመርመሩ። ሦስተኛ፥ በየወሩ በአንድ የገበያ ቀን ባለመኪኖች፥ ሾፌሮችና መካኒኮች ተሰብስበው የደረሰባቸውንና መፍትሔውን እንዲነጋገሩ ቦታ ይሰጣቸው። አራተኛ፥ የመንገድ ዳር ቦይ ከዝናቡ በፊት ይጠረግ፤ ውኃ የቆመበት መንገድ መኪናን ከሁሉ ይልቅ ያደክማልና።

ይህን ሁሉ ለማድረግ ትልቅ በጀት አያስፈልግም፤ አንድ ደብተር፥ አንድ እርሳስና የሚቆጣጠር ሹም ይበቃል። በወሊድ የተጨነቀች እናት ከገጠር ቀበሌ ወደ ሆሳዕና ሆስፒታል የምትወሰድበት አንቡላንስ፥ ዋጋዋ እጅግ ጥቂት የሆነች ቺንጋ በጊዜዋ ሳትለወጥ በመቅረቷ በመንገድ ላይ የቆመ እንደሆነ፥ ጥፋቱ የመኪናው ሳይሆን መዝገቡን ያልተመለከተው ሰው ነው። አበው ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ዐይነቱ ነገር ነው። መኪናውን በትንሹ የጠበቀ አስተዳዳሪ ወረዳውን በብዙ እንደ ጠበቀ ይቈጠርለታል።