የህዋ ፊልሞች ከሚያሳዩን ውስጥ የትኛው እውነት ነው?

በህዋ ላይ ፍንዳታ አይሰማም፤ እንባም ከዓይን ተነስቶ አይንሳፈፍም፤ እውነተኛው አደጋ ግን በፊልም ከምናየው ይልቅ ድምጽ አልባ ነው

ከሥራ መልስ አረፍ ብለው የህዋ ፊልም ከፍተዋል እንበል። ሁለት መንኮራኩሮች ይታኮሳሉ፤ አንደኛዋ ስትፈነዳ ድምጹ የቤትዎን መስኮት ያንቀጠቅጣል።

በቦታው ቢኖሩ ግን ብልጭታውን ያያሉ እንጂ ምንም አይሰሙም። ድምጽ ከቦታ ወደ ቦታ ለመጓዝ አየር፣ ውሃ ወይም ሌላ ቁስ ይፈልጋል፤ ህዋ ደግሞ ባዶ ነው ሊባል የሚችል ስፍራ ነው።

በፈረንጆቹ 1977 መታየት የጀመረው ስታር ዋርስ ይህን ህግ ከነጭራሹ ትቶታል። ከእሱ 9 ዓመት ቀድሞ የወጣው የስታንሊ ኩብሪክ “2001፡ ኤ ስፔስ ኦዲሲ” ግን ከመንኮራኩሩ ውጭ ያሉ ትዕይንቶችን ያለ ፍንዳታና ያለ ሞተር ድምጽ አሳይቷል። ያ ዝምታ ዛሬም ተመልካችን ያስፈራል።

“ፊልም አይደል እንዴ፣ ምን ቸገረን?” ሊሉ ይችላሉ። እውነት ነው፣ ፊልም የፊዚክስ ትምህርት አይደለም። ነገር ግን አብዛኞቻችን ስለ ህዋ የምናውቀው ከፊልም ያየነውን ነው። ፊልሞቹ ሲሳሳቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚደብቁብን ጠፈርተኞችን በእርግጥ ለሞት የሚያሰጋውን ነገር ነው።

ጠፈርተኞች የሚንሳፈፉት ስበት ስለሌለ ነው?

አይደለም። ዓለም አቀፉ የህዋ ጣቢያ ከምድር በላይ 400 ኪሎሜትር ገደማ ላይ ይዞራል። በዚያ ከፍታ የምድር ስበት መሬት ላይ ካለው 90 በመቶ ያህሉ አለ።

ታዲያ ለምን ይንሳፈፋሉ? ምክንያቱም ጣቢያውም እነሱም አብረው እየወደቁ ነው። እርስዎ ያሉበት ሊፍት ገመዱ ተበጥሶ ቢወርድ እግርዎ ወለሉን መጫን ያቆማል፤ ነገሩ ከዚህ ጋር አንድ ነው።

ልዩነቱ ጣቢያው በሰዓት 28 ሺህ ኪሎሜትር ገደማ ወደ ጎን መጓዙ ነው። እየወደቀ ምድር ከስሩ ስለምትጎብጥ መሬት ላይ አይደርስም፤ በየ90 ደቂቃው ገደማ አንድ ጊዜ ምድርን ይዞራል።

በ1995 የወጣው “አፖሎ 13” ይህን ህግ በትክክል ተጠቅሞበታል። ተዋናዮቹ በናሳ አውሮፕላን ውስጥ ሆነው አውሮፕላኑ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል ሲወርድ ለ25 ሰከንድ ያህል በእርግጥ ይንሳፈፉ ነበር። ይህ በረራ ከ600 ጊዜ በላይ ተደጋግሟል።

“ግራቪቲ” እና የማይወርደው እንባ

በ2013 የወጣውና 7 የኦስካር ሽልማቶችን ያገኘው “ግራቪቲ” በብዙ ነገር የተመሰገነ ነው። ፍንዳታዎቹ አይሰሙም፤ ስብርባሪዎች ሳተላይቶችን ሲመቱና ሌላ ስብርባሪ ሲፈጥሩ የሚያሳየውም ሳይንቲስቶች በእርግጥ የሚሰጉበት ጉዳይ ነው።

ልብ የሚነካው ትዕይንት ግን ስህተት ነው። ጆርጅ ክሉኒ በገመድ ተይዞ ሳለ ሳንድራ ቡሎክን ለማትረፍ ሲል ገመዱን ይለቃል። ሆኖም ሁለቱም ከቆሙ በኋላ እሱን ወደ ውጭ የሚጎትተው ምንም ኃይል የለም። ገመዱን ትንሽ ሳብ ብታደርገው ወደ እሷ ይመጣ ነበር።

በዚያው ፊልም የቡሎክ እንባ ከዓይኗ ተነስቶ ይንሳፈፋል። ካናዳዊው ጠፈርተኛ ክሪስ ሃድፊልድ በዚያው ዓመት ከህዋ ጣቢያው ባሳየው ቪዲዮ ግን ዓይኑ ላይ የተደረገው ውሃ እዚያው እንደ ኳስ ተጣብቆ ይቀራል። ቁልቁል የሚያወርደው ክብደት ስለሌለ ውሃው ከቆዳ ጋር ይጣበቃል።

ትንሽ ነገር ይመስላል? በሐምሌ 2013፣ ፊልሙ ከመታየቱ ጥቂት ወራት በፊት፣ ጣሊያናዊው ጠፈርተኛ ሉካ ፓርሚታኖ ከጣቢያው ውጭ እየሠራ ሳለ ከልብሱ ማቀዝቀዣ የወጣ ውሃ የራስ ቁሩን መሙላት ጀመረ። ውሃው ወደ እግሩ አልወረደም፤ ፊቱ ላይ ተጣብቆ ዓይኑንና አፍንጫውን ሸፈነው። ፓርሚታኖ የተያዘበትን ገመድ ተከትሎ በዳበሳ ወደ በሩ ተመለሰ፤ ህይወቱም ተረፈ።

ህዋ ላይ ሆኖ በውሃ የመስጠም አደጋን ያሳየ ፊልም አስታውሰዋል?

ያለ ጠፈር ልብስ ሰውነት ይፈነዳል?

በ1990ው “ቶታል ሪኮል” አየር ያጡት ሰዎች ዓይናቸው ይጎለጎላል። ሌሎች ፊልሞች ደግሞ ሰውየውን በቅጽበት በረዶ ያደርጉታል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ቆዳ ጠንካራ ስለሆነ ሰውነት ያብጣል እንጂ አይፈነዳም፤ በባዶ ህዋ ሙቀትን የሚወስድ አየር ስለሌለም በቅጽበት አይቀዘቅዝም።

በ1966 በአሜሪካ በሙከራ ክፍል ውስጥ የነበረ አንድ ባለሙያ የልብሱ የአየር ቱቦ ተነቅሎበት 14 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ራሱን ሳተ። ራሱን ከመሳቱ በፊት የሚያስታውሰው ምላሱ ላይ ያለው ምራቅ ሲፈላ ነበር። አየር በፍጥነት ስለተመለሰለት ተርፏል።

በሰኔ 1971 የሶዩዝ 11 ሦስት ጠፈርተኞች ይህ ዕድል አልገጠማቸውም። ወደ ምድር ሲመለሱ የአየር ቫልቭ ያለጊዜው ተከፈተ፤ የጠፈር ልብስ አልለበሱም ነበር። መንኮራኩሩ በፓራሹት በሰላም አረፈ፤ ነፍስ አድን ሠራተኞች በሩን ሲከፍቱ ግን ሦስቱም ህይወታቸው አልፏል። ፍንዳታም ጩኸትም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የሶዩዝ ተጓዦች ሲነሱም ሲያርፉም ልዩ ልብስ እንዲለብሱ ተደረገ።

የማርስ ማዕበል እና የዮርዳኖስ በረሃ

“ዘ ማርሺያን” በ2015 ሲወጣ የማርስን መልክዓ ምድር ያገኘው እዚሁ መካከለኛው ምስራቅ፣ በዮርዳኖሱ ዋዲ ረም በረሃ ነው።

ፊልሙ በአብዛኛው ለሳይንስ የታመነ ቢሆንም መነሻው ስህተት ነው። ጠፈርተኛውን ከጓደኞቹ የለየው ኃይለኛ ማዕበል ማርስ ላይ ሊነሳ አይችልም። የማርስ አየር ከምድር አየር አንድ በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ በጣም ፈጣን ነፋስ እንኳ ቢነፍስ እንደ ለስላሳ ንፋስ እንጂ ሰውን አንስቶ እንደሚጥል ማዕበል አይሰማም። የመጽሐፉ ደራሲ አንዲ ዊር ይህን እያወቀ ለታሪኩ ሲል እንዳስገባው ተናግሯል።

“ኢንተርስቴላር” እና ስልክዎ

የማይታመን የሚመስለው ነገር እውነት የሆነበትም ፊልም አለ። በ2014ቱ “ኢንተርስቴላር” በጥቁር ቀዳዳ አቅራቢያ ባለች ፕላኔት ላይ አንድ ሰዓት መቆየት ምድር ላይ 7 ዓመት ነው። የፊልሙ አማካሪ ኋላ በ2017 የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚ የሆኑት ኪፕ ቶርን ነበሩ። እንዲህ ያለው ልዩነት እጅግ በፍጥነት በሚሽከረከር ግዙፍ ጥቁር ቀዳዳ አጠገብ ሊሆን እንደሚችል በስሌት አሳይተዋል።

ስበት ጊዜን መለወጡን ለማየት ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዱባይም ሆነ በሪያድ መንገድ የሚመራዎት ጂፒኤስ የሚሠራው በሳተላይቶች ሰዓት ነው። እነዚህ ሰዓቶች መሬት ላይ ካሉት በቀን 38 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ያህል ይቀድማሉ። ይህ ባይታረም ኖሮ ስልክዎ በአንድ ቀን ውስጥ 10 ኪሎሜትር ገደማ ይሳሳት ነበር።

ምድርን ማን ያድናት?

በ1998 በወጣው “አርማጌዶን” ወደ ምድር የሚመጣ ግዙፍ አስትሮይድ በመጨረሻው ሰዓት በኒውክሌር ቦምብ ለሁለት ይከፈላል። ትክክለኛው መንገድ ከዚህ ይለያል፤ አስቀድሞ ማወቅ እና ትንሽ መግፋት።

በመስከረም 2022 ናሳ ከ600 ኪሎግራም ያነሰች መንኮራኩር 160 ሜትር ገደማ ስፋት ካለው ዲሞርፎስ ጋር አጋጨ። ዲሞርፎስ ለምድር አያሰጋም ነበር፤ ዓላማው ሙከራ ነበር። ሌላውን አስትሮይድ ለመዞር ይወስድበት የነበረው 11 ሰዓት ከ55 ደቂቃ በ32 ደቂቃ አጠረ። ያ ትንሽ ለውጥ ከዓመታት በፊት ቢደረግ አንድን አስትሮይድ ከምድር ለማሳለፍ ሊበቃ ይችላል።

ጀግናው እዚህ ላይ ቦምብ ይዞ የሚወጣው ሰው ሳይሆን ሰማዩን በየሌሊቱ የሚከታተለው ባለሙያ ነው።

ኤምሬቶች በ2019 ሀዛ አል መንሱሪን ወደ ህዋ ጣቢያው ልካለች። ሱልጣን አል ነያዲ ደግሞ በሚያዝያ 2023 ከጣቢያው ውጭ ለ7 ሰዓታት ያህል በመሥራት የመጀመሪያው አረብ ሆኗል። በሰባቱ ሰዓታት ውስጥ የፊልም ፍንዳታ አልነበረም፤ እያንዳንዷ ደቂቃ ግን በልብስ፣ በገመድና በቫልቭ ላይ የተንጠለጠለች ነበረች።

ስለዚህ ቀጣዩን የህዋ ፊልም ሲያዩ፣ በተለይ ልጆች አብረው ካሉ፣ አንድ ጥያቄ ጣል ያድርጉላቸው፦ “ይህ ድምጽ በእውነት የሚሰማ ይመስላችኋል?” ፊልሙ አይበላሽባቸውም። እዚያ ወጥተው የሚሠሩትን ሰዎች ድፍረት ግን ይበልጥ ይረዱታል።