ሊዙ ርካሽ፣ ፈቃዱ ውድ

በስኮትላንድ ሰሜን ጫፍ፣ በሼትላንድ ደሴቶች መካከል በሚገቡ ጠባብ የባሕር ሰርጦች፣ ሙስል የሚያመርት ሰው ለዘርም ለመኖም ገንዘብ አያወጣም። ሙስል ጥቁር ዛጎል ያለው ትንሽ የባሕር እንስሳ ነው። እጩ ውኃው ውስጥ ሲንሳፈፍ ይቆይና አምራቹ ባንጠለጠለው ገመድ ላይ ራሱ ይለጠፋል። ከዚያ በኋላ በዓይን የማይታይ አልጌ ከባሕሩ እያጣራ ያድጋል፤ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜም ለገበያ ይደርሳል። በእኛ ማዕድ ላይ ቦታ የለውም፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ግን ከታዋቂው ዘመዱ ከኦይስተር ጋር ብዙ የባሕር ዳር ቤተሰብ ያስተዳድራል። መኖና ዘር ከወጪው ዝርዝር ሲወጡ ዋናው ግብአት ቦታ ይሆናል። የዚህ ሳምንት ጉዳያችንም ይኸው ቦታ ነው።

በስኮትላንድ ከባሕር ዳርቻው እስከ 12 የባሕር ማይል፣ ማለትም እስከ 22 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የባሕሩ ወለል ከሞላ ጎደል በሙሉ በዘውዱ ስም የተያዘ ነው። የንጉሡ የግል ሀብት ግን አይደለም። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያስተዳድረው ክራውን እስቴት ስኮትላንድ የተባለ የመንግሥት ተቋም ሲሆን፣ ትርፉ ወደ ሕዝብ ካዝና ይገባል። ገመዱን የሚይዙት መልህቆች የሚያርፉት በዚህ ወለል ላይ ስለሆነ አምራቹ መጀመሪያ ከዚህ ተቋም ሊዝ መያዝ አለበት።

ሊዙ ብቻውን አይበቃም። አዲስ አበባ ላይ ቦታ በሊዝ የወሰደ ሰው የግንባታ ፈቃድ ሳያወጣ መሠረት እንደማይቆፍር ሁሉ፣ የሙስል አምራቹም ከአካባቢው ምክር ቤት የፕላን ፈቃድ ማግኘት ይጠበቅበታል። ይህ አሠራር የመጣው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በአብዛኛው የስኮትላንድ ክፍል ቦታውን የሚያከራየውም ፈቃዱን የሚሰጠውም ያው የዘውዱ ንብረት አስተዳዳሪ ነበር። ኪራይ የሚሰበስብ አካል የሚያከራየው ቦታ ሌላውን የባሕር ተጠቃሚ ይጎዳ እንደሆነ ራሱ ይወስን ነበር ማለት ነው። ይህ ለዓመታት ሲያስወቅስ ቆይቷል፤ መለየቱ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ይሁን እንጂ መለያየቱ የሚንኳኩትን በሮች አብዝቷል። የምክር ቤቱ የፕላን ክፍል የተፈጥሮ ጥበቃውን ተቋም፣ የአካባቢ ብክለት ተቆጣጣሪውን፣ የጎረቤት ነዋሪዎችንና ዓሣ አስጋሪዎችን ይጠይቃል። ገመዶቹን ከላይ የሚይዙት ተንሳፋፊዎች የመርከብ መንገድ እንደማይዘጉ መረጋገጥ አለበት። የእንስሳቱን ጤና የሚቆጣጠረው ክፍል ደግሞ የራሱን ፈቃድ ይሰጣል። እያንዳንዱ ጥያቄ ለብቻው ሲታይ ተገቢ ነው። ችግሩ ያለው ድምሩ ላይ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ለማስረዳት ያህል፣ የባለሙያ ጥናቱ፣ የማመልከቻው ክፍያና የመመላለሻው ወጪ ተደምሮ 20 ሺህ ፓውንድ ደረሰ እንበል። 40 ገመድ ለሚዘረጋ ኩባንያ ይህ በገመድ 500 ፓውንድ ነው። 4 ገመድ ላላቸው ባልና ሚስት ግን በገመድ 5 ሺህ ፓውንድ ይሆናል። ሙስሉ ያው ሙስል ነው፤ ገበያውም አንድ ዋጋ ነው የሚከፍላቸው። የፈቃድ ወጪ ከእርሻው ስፋት ጋር አብሮ አያንስም፤ ትንሹን አምራች ከገበያ የሚያስወጣውም ከኪራዩ ይልቅ ይህ ነው።

ጊዜውም ገንዘብ ነው። ውሳኔው ሁለት ዓመት ቢፈጅና ሙስሉ ሦስት ዓመት ቢያድግ፣ ቤተሰቡ የመጀመሪያዋን ገቢ የሚያየው በአምስተኛው ዓመት ነው። ኩባንያው በሌላ ሰርጥ ያለው እርሻ ደመወዝ እየከፈለለት መጠበቅ ይችላል። ቤተሰቡ የሚጠብቀው በብድር ነው፤ ፈቃድ በእጁ ሳይገባ ደግሞ የሚያበድረው ባንክ ማግኘት ከባድ ነው።

በአሜሪካ የሜይን ግዛት ለዚህ ችግር ልብ ሊባል የሚገባው መልስ አላት። ባሕሩ በጣም ሲሸሽ ከሚቆምበት መስመር በታች ያለውን ወለል ግዛቷ በሕዝብ አደራ ይዛዋለች። በዚያ ላይ 400 ስኩዌር ጫማ፣ ማለትም 37 ካሬ ሜትር ያህል ቦታ፣ በአነስተኛ ፈቃድ መያዝ ይቻላል። አንድ ሰው እስከ አራት እንዲህ ያሉ ፈቃዶችን መያዝ ይችላል። ማመልከቻው ከትልቁ ሊዝ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። ሎብስተር ሲያጠምዱ የኖሩ ሰዎች ኦይስተር ማርባትን የሚሞክሩት በዚህ በር ገብተው ነው፤ ሥራው ካላዋጣቸው ሳይከስሩ ይወጣሉ። እኔ ይህን ከማንኛውም ድጎማ አስበልጬ አየዋለሁ።

ከዚህች ደረጃ ወደ ላይ መውጣቱ ላይ ግን መሰላሉ ይሰበራል። አነስተኛው ፈቃድ የሚያገለግለው ለአንድ የካሌንደር ዓመት ነው፤ በየዓመቱ ይታደሳል። ኦይስተሩ ግን ለገበያ ለመድረስ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት ይፈልጋል። ቀጥሎ ያለው የሙከራ ሊዝ እስከ 4 ኤከር ስፋትና እስከ 3 ዓመት ዕድሜ አለው፤ ለንግድ ሥራ ከሆነ አይታደስም። ሦስተኛው እስከ 100 ኤከርና እስከ 20 ዓመት የሚደርሰው መደበኛ ሊዝ ነው፤ ዓመታዊ ኪራዩ በኤከር 100 ዶላር ነው። በ100 ዶላር ምክንያት እርሻውን የሚዘጋ ሰው የለም። እዚያ ለመድረስ ግን የወለሉ ጥናት፣ በ1,000 ጫማ ርቀት ውስጥ ላሉ የባሕር ዳር ባለይዞታዎች የሚደርስ ማስታወቂያ፣ ሕዝብ የሚሰማበት መድረክ፣ አንዳንዴም ፍርድ ቤት አለ። በብረንስዊክ ከተማ፣ በማኮይት የባሕር ወሽመጥ 40 ኤከር የጠየቀ የኦይስተር እርሻ በ2019 እ.ኤ.አ. ተፈቀደለት፤ ክርክሩ በግዛቷ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያበቃው ግን በ2022 እ.ኤ.አ. ነበር።

የተቃዋሚዎቹን ቅሬታ አቅልዬ አላይም። ሊዝ ሲሰጥ አንድ የጋራ ውኃ በከፊል የአንድ ሰው ይሆናል። በዚያ ስፍራ ወጥመዱን ሲጥል የኖረ አጥማጅ ወንበር ይዞ የመናገር መብት አለው። ይህን መብት ሳይነኩ ማሻሻል የሚቻል ነገር ግን አለ። ለግማሽ ሄክታርና ለ40 ሄክታር የሚጠየቀው ማስረጃ አንድ ዓይነት መሆን የለበትም። መንግሥት የባሕሩን ወለል፣ የመርከብ መንገዱንና የባሕር ሣሩን አስቀድሞ አጥንቶ ለአነስተኛ እርሻ የሚሆነውን አካባቢ ቢለይ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ አንዱን ጥናት ደግሞ ደጋግሞ ባልከፈለበት ነበር።

ሊዙም ፈቃዱም የማይሰጡት አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ንጹሕ ውኃ። ሙስልና ኦይስተር ውኃውን ስለሚያጣሩ በውስጡ ያለውን ተህዋስም ያጠራቅማሉ። በስኮትላንድ የሚመረትበት ውኃ ኤ፣ ቢ ወይም ሲ ተብሎ ይመደባል። በ100 ግራም ሥጋ ውስጥ የኢ.ኮላይ ባክቴሪያ ቁጥር ከ230 ካላለፈ ውኃው የኤ ደረጃ ይሰጠዋል፤ ምርቱም በቀጥታ ለምግብ ይሸጣል። ወደ ቢ ከወረደ በንጹሕ ውኃ መታጠብና መቆየት፣ ወይም መቀቀል አለበት። ይህ ወጪ ነው። ውኃውን የሚያወርደው ደግሞ ብዙውን ጊዜ አምራቹ አይደለም፤ ከላይ የተሠራው መንደር ፍሳሽ፣ ከግጦሹ ታጥቦ የሚወርደው ፍግ ነው። አምራቹ ተንሳፋፊዎቹ የጎረቤቱን ዕይታ እንዳያበላሹ ሲመረመር፣ የፕላን ክፍሉ ከሰርጡ በላይ ለሚሠሩት ቤቶች ፈቃድ በሚሰጥበት ጠረጴዛ ላይ የሙስሉ እርሻ ያለበት ካርታም መዘርጋት አለበት።