እየሠሩ ነርስነት መማር

እየሠሩ ነርስነት መማር አዲስ ነገር አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር ጤና ኮሌጅም ተማሪዎቹን ወደ ጤና ጣቢያ እየላከ ከበሽተኛ ፊት ያሠለጥን ነበር።

ልጃችሁ ቀን በክሊኒክ እየረዳች ማታ ነርስነት ብትማር፣ ጎረቤት «መርፌ ውጊኝ» ይላታል። እባካችሁ አታስጨንቋት፤ ገና አልተፈቀደላትም። የምትችለው ሌላ ነው። የልብ ትርታ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትቆጥራለች። ያረፈ አዋቂ ሰው ትርታው በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ነው። ካለፈ ወይም ካነሰ ጽፋ ለነርሷ ታሳያለች፤ ምክንያቱን ማታ ትማረዋለች። መጻፍ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው!

አንዳንዴ ሌሊት ተረኛ ሆና ካደረች ግን ትተኛ። እንቅልፍ ያጣ ሰው የመድኃኒት ስም ይሳሳታል። ያን ቀን ውኃውንም እንጨቱንም እናንተው አምጡ።