እንቆቅልሽ በትምህርት ቤት



ልጅ ቃልን የሚለምደው በመስማት ብቻ ሳይሆን በመናገር ነው። አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ ጎን ለጎን በሚነገሩበት በቆቦና በራያ ቆላ፥ የቤቱ ቋንቋ ከትምህርት ቤቱ የተለየበት ሕፃን ዝም ሲል፥ መምህሩ ዝምታውን ካለማወቅ ሊቈጥርበት ይችላል። ይህን ዝምታ ለመስበር አባቶቻችን ያቈዩልን እንቆቅልሽ ብዙ ይረዳል።

መምህሩ ክፍሉን ለሁለት ይክፈል። አንዱ ወገን «እንቆቅልሽ» ሲል ሌላው «ምን አውቅልህ» ይላል። ጠያቂው ማሽላን ቢያስብ፥ «በልጅነቱ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ፍሬ ሲይዝ አንገቱን ደፋ» ብሎ ይጠይቅ። መላሾቹም ፍቺውን ሲፈልጉ አገዳን፣ ዛላን፣ እሸትን፣ ጥንቅሽን እያነሡ ይከራከራሉ። ቃሉ ከሚያውቁት ማሳ የተነሣ ስለ ሆነ በቀላሉ አይረሳም።

መልሱ ከጠፋ ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል። በልማዱ አገር የተሰጠው በተሸናፊው ላይ ስለሚቀልድ፥ ዓይን አፋሩ ልጅ ይበልጥ እንዳይሸማቀቅ ያሠጋል። ስለዚህ በቀልዱ ፈንታ፥ ተሸናፊው ወልድያን ወይም አላማጣን ሲሰጥ ስለ ከተማይቱ የሚያውቀውን አንድ ነገር ይናገር። እንዲህ ከሆነ የተሸነፈውም ተናግሮ ይቀመጣል።

እኛም ወላጆች፥ ማታ ከቢሮ ስንመለስ ልጆቻችን «እንቆቅልሽ» ቢሉን «ምን አውቅልህ» ለማለት አንስነፍ።