ሚዛንን በድምፅ መመርመር

ከልጅነቱ ጀምሮ ምንም የማይሰማ ሰው ጆሮ ውስጥ ከፍተኛ ድምፅ ቢለቀቅ ሰውየው ዝም ብሎ ይቀመጣል። አንገቱ ላይ የተለጠፈው ኤሌክትሮድ ግን ሌላ ነገር ሊመዘግብ ይችላል። ድምፁ በገባ በ13 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ተወጥሮ የነበረው የአንገት ጡንቻ ለቅጽበት ይላላል፤ ከዚያ ወዲያው ወደነበረበት ይመለሳል። ሰውየው ያልሰማውን ድምፅ የተቀበለለት የሚዛን አካሉ ነው። ቬምፕ የሚባለው ምርመራ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። ምርመራው ስንት ነገር እንደሚነግረን የሚወስነው ደግሞ በአብዛኛው ጆሮ ውስጥ የምንለቀው ድምፅ ዓይነት ነው።

ውስጠኛው ጆሮ በራስ ቅል አጥንት ውስጥ የተቀበረና በፈሳሽ የተሞላ ነው። የመስማቱ ሥራ የጠመዝማዛው የኮክሊያ ነው። ከእሱ ቀጥሎ አምስት የሚዛን አካላት አሉ። ሦስቱ ግማሽ ክብ ቦዮች ጭንቅላታችን ሲዞር ወደየት እንደዞረ ይናገራሉ። ሁለቱ ዩትሪክልና ሳኪዩል የሚባሉ ትናንሽ ከረጢቶች ናቸው፤ በውስጣቸው ዝልግልግ ሽፋን ላይ የተነጠፉ የካልሲየም ካርቦኔት ደቃቅ ጠጠሮች አሉ። ሊፍት ወደ ላይ ሲነሳ፣ መኪና ድንገት ፍሬን ሲይዝ ወይም ጭንቅላታችን ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ጠጠሮቹ ይንሸራተታሉ፤ ከሥራቸው ያሉት ባለፀጉር ሴሎች ይታጠፋሉ፤ ነርቩም ወሬውን ለአንጎል ያደርሳል። ስትሬፕቶማይሲንና ጄንታማይሲንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ሊያጠፏቸው የሚችሉት እነዚህን ሴሎች ነው፤ አንዴ ከጠፉ ደግሞ በሰው ላይ እንደቀድሞው ተመልሰው አይተኩም።

ቦዮቹ የመመርመር ዕድል ያገኙት ቀድመው ነው። የቪየናው ሐኪም ሮበርት ባራኒ ቀዝቃዛና ሙቅ ውሃ ጆሮ ውስጥ ሲገባ ዓይን እንዴት እንደሚርገበገብ አጥንቶ እ.ኤ.አ. የ1914ን የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። የውሃው ምርመራ ዛሬም ይሠራበታል። ነገር ግን በዋናነት የሚፈትሸው አንዱን ቦይ፣ አግድም የተቀመጠውን ነው። ስለ ሁለቱ ከረጢቶች የሚነግረን ነገር የለም። ሕመምተኛው «መሬቱ ይከዳኛል፣ እንደ ጀልባ ይወዘውዘኛል» እያለ ሐኪሙ በውሃ ምርመራ ምንም ሳያገኝ የሚሸኘው አንዳንዴ ለዚህ ነው።

ድምፅ የሚዛን አካልን ሊነካ እንደሚችል ግን ቀደም ብሎ ታውቋል። ጣሊያናዊው ፒየትሮ ቱሊዮ እ.ኤ.አ. በ1929 ባሳተመው ሥራው የርግቦችን ቦዮች በመርፌ ቀዳዳ ያህል ከፍቶ ድምፅ ሲያሰማቸው ጭንቅላታቸውና ዓይናቸው እንደሚንቀሳቀስ አሳይቷል። በ1964 አሜሪካውያኑ ቢክፎርድ፣ ጃኮብሰንና ኮዲ በድምፅ የሚቀሰቀስ የማጅራት ጡንቻ ምላሽ መነሻው ከሚዛን አካል እንደሆነ ጻፉ። ወደ ሐኪሞች እጅ የገባው ግን ሲድኒ ከተማ ውስጥ ነው። ጄምስ ኮልባችና ማይክል ሃልማጊ በ1992፣ ከዚያም ከስኩስ ጋር በ1994 ባወጡት ሥራ በጎን አንገት ላይ ከሚገኘው ወፍራም ጡንቻ ምላሹን እንዴት በአስተማማኝ መልክ መመዝገብ እንደሚቻል አሳዩ። ማስረጃቸው ጥርት ያለ ነበር፤ የሚዛን ነርቩ በቀዶ ሕክምና በተቆረጠበት ወገን ምላሹ ይጠፋል፣ መስማት ጠፍቶ የሚዛን ነርቩ ከዳነ ግን ምላሹ ይኖራል።

ለድምፅ ይበልጥ የሚነቃው ሳኪዩል ነው። የተቀመጠው የመሐል ጆሮ የመጨረሻ አጥንት ውስጠኛውን ጆሮ ከሚገፋበት ቦታ አጠገብ ስለሆነ ግፊቱ ወዲያው ይደርሰዋል። ሌላም ነገር አለ። በብዙ ዓሦች ዘንድ ዋናው የመስሚያ አካል ሳኪዩል ነው። በእኛ ይህን ሥራ ኮክሊያ ቢረከበውም ሳኪዩል ለድምፅ ያለው ስሜት ጨርሶ አልሞተም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል።

ምርመራው ይህን ይመስላል። ሕመምተኛው በጀርባው ተጋድሞ ራሱን ከትራስ ቀና ያደርጋል ወይም ፊቱን ወደ አንድ ጎን አዙሮ ያቆየዋል፤ የአንገቱ ጡንቻ መወጠር አለበት። ባልተወጠረ ጡንቻ ላይ ምንም አይታይም፤ ምክንያቱም የሚለካው የውጥረቱ መላላት ነው። ጆሮው ውስጥ ለስላሳ መሰኪያ ይገባል። ከዚያ ድምፁ በሰከንድ አምስት ጊዜ ያህል፣ ጠንከር ብሎ፣ እየተደጋገመ ይመጣል። ማሽኑ መቶና ከዚያ በላይ ምላሾችን ደምሮ አማካያቸውን ያወጣል። አንዱ ብቻውን በጡንቻው ጫጫታ ይዋጥ የነበረው ምልክት ቀስ በቀስ ከመስመሩ ላይ ብቅ ይላል፤ በ13ኛው ሚሊ ሰከንድ አንድ ጫፍ፣ በ23ኛው ተቃራኒው ጫፍ። የሕመምተኛው አንገት ሲደክም ጫፎቹ ያንሳሉ። ስለዚህ ጥሩ መርማሪ በአንድ ዓይኑ ምላሹን፣ በሌላው የጡንቻውን ውጥረት ይከታተላል። ይህን የማይለካ ክፍል ግራና ቀኝን ሲያወዳድር የደከመ አንገትን የታመመ ጆሮ ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

አሁን ወደ ድምፁ እንምጣ። መጀመሪያ የተሠራበት ክሊክ ነው። ርዝመቱ የሚሊ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ብቻ የሆነ ድንገተኛ ቀጭታ ነው። ጥሩ ጎኑ ጅማሬው ስለት ያለው መሆኑ ነው፤ ምላሹ መቼ እንደመጣ ለመቁጠር ይመቻል። ችግሩ ጉልበቱ ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ድግግሞሽ በየቦታው መበተኑ ነው። ሳኪዩል የሚፈልገው ከዚያ ውስጥ ጥቂቱን ነው፤ የቀረው ኮክሊያን ከማስጨነቅ በቀር ለምርመራው የሚጨምረው የለም።

ቶን በርስት የሚባለው ሌላ ነው። ንጹሕ ቃና በጥቂት ዑደቶች ተቆርጦ ይሰማል። የሚዘወተረው 500 ሄርትዝ ነው፤ አንዱ ዑደት 2 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ለምሳሌ በሁለት ዑደት ይነሳል፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ዑደት ይቆያል፣ በሁለት ይወርዳል። ሳኪዩልና ከእሱ የሚወጣው ነርቭ ከ400 እስከ 800 ሄርትዝ አካባቢ ባለው ድምፅ ከሁሉ አብልጠው ይነቃሉ። ዥዋዥዌ ላይ የተቀመጠን ልጅ ሰዓቱን ጠብቆ በትንሽ ኃይል የሚገፋ ሰው ዝም ብሎ በጉልበት ከሚገፋው ይልቅ ከፍ እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ከአካሉ ዑደት ጋር የገጠመ ቃና በአነስተኛ ድምፅ ትልቅ ምላሽ ያመጣል። ለዚህ ነው ከክሊክ ጋር ሲወዳደር 500 ሄርትዝ ቶን በርስት ከፍ ያለ ምላሽ የሚሰጠው፣ ምላሹም በዝቅተኛ የድምፅ መጠን የሚታየው። በምትኩ ድምፁ ቀስ ብሎ ስለሚነሳ ጫፎቹ ጥቂት ይዘገያሉ። ስለዚህ በክሊክ የተሰበሰበ የጤነኞች መለኪያ ለቶን በርስት ውጤት መመዘኛ አይሆንም። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ግን አንድ የምርመራ ክፍል ድምፁን ቀይሮ መለኪያውን ሳይቀይር ቢቀጥል ጤነኛ ሰው «ምላሹ ዘግይቷል» ተብሎ ይወጣል።

ሦስተኛው ቸርፕ ነው። ከዝቅተኛ ቃና ተነስቶ በፍጥነት ወደ ከፍተኛ የሚወጣ አጭር ድምፅ ሲሆን፣ የተወለደው ለሌላ ዓላማ ነው። በኮክሊያ ውስጥ ከፍተኛ ድምፆች ገና መግቢያው ላይ ይቀራሉ፤ ዝቅተኞቹ እስከ ጫፉ ድረስ ይጓዛሉ፤ ጉዞውም ሚሊ ሰከንዶች ይወስዳል። ዴንማርካዊው ክላውስ ኤልበርሊንግና ባልደረቦቹ የሕፃናትን መስማት ለመመርመር የሚያገለግል ቸርፕ ሲያዘጋጁ ዝቅተኛውን ቃና አስቀድመው ላኩት፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ደርሰው ነርቩን አንድ ላይ እንዲቀሰቅሱት ነው። ሐሳቡ ድንቅ ነው። ሳኪዩል ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ረጅም ጉዞ የለም። በመሆኑም ሁሉን የሚያካትተው ሰፊ ቸርፕ ለሚዛን ምርመራ ሲውል ጉልበቱ እንደ ክሊኩ ከሚፈለገው ውጭ ይባክናል። ከ250 እስከ 1000 ሄርትዝ ተወስኖ የተሠራው ጠባብ ቸርፕ ግን ከ500 ሄርትዝ ቶን በርስት ጋር የሚወዳደር፣ በአንዳንድ ጥናቶችም የሚበልጥ ምላሽ አምጥቷል። እዚህ ላይ የሚያሳስት ነገር አለ። በቸርፕ ጫፎቹ ከ13ኛው ሚሊ ሰከንድ በፊት ሊታዩ ይችላሉ፤ ነርቩ ስለፈጠነ አይደለም፣ ማሽኑ ጊዜውን መቁጠር የጀመረው ከድምፁ መነሻ ላይ ባለመሆኑ ሊሆን ይችላል። ዜሮው የት እንደተተከለ ሳያጣሩ የሁለት ድምፆችን ሰዓት ማወዳደር ትርጉም የለውም።

እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የምመርጠው 500 ሄርትዝ ቶን በርስትን ነው፤ ብዙ የተጠና ነው፣ መለኪያውም በየቦታው አለ። ነገር ግን ጆሮው አልመለሰም ማለት ሳኪዩሉ ሞቷል ማለት አይደለም። ዕድሜ ከ60 ዓመት ሲያልፍ ምላሹ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የሚመቸው ቃናም ወደ 1000 ሄርትዝ ከፍ ሊል ይችላል። በሜኒየር ሕመም ጊዜም እንዲሁ ይሆናል፤ ፈሳሹ ሲበዛ ከረጢቱ ይወጠርና የሚነቃበት ቃና ይቀየራል። ስለዚህ በ500 ዝም ያለን ጆሮ በ1000 ሳይሞክሩ «ሳኪዩሉ አይሠራም» ብሎ መፈረም ሕመምተኛውን መበደል ነው።

ተቃራኒው ደግሞ አለ። ሎይድ ማይነርና ባልደረቦቹ በጆንስ ሆፕኪንስ እ.ኤ.አ. በ1998 የገለጹት ሕመም ላይ ከላይኛው ቦይ በላይ ያለው አጥንት ተሸንቁሮ ይገኛል። እንዲህ ያለው ሰው ጮክ ያለ ድምፅ ሲሰማ ዓለም ይዞርበታል፤ ቱሊዮ በርግቦቹ ላይ ያየው በሰው ላይ ደረሰ ማለት ነው። በቬምፕ ሲመረመር በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ እንኳ ምላሽ ይሰጣል። ኤሌክትሮዱ በአንገት ፈንታ ከዓይን በታች ተለጥፎ፣ ሰውየው ወደ ላይ እያየ፣ ጤነኛ ጆሮ ብዙውን ጊዜ ዝም በሚልበት 4000 ሄርትዝ ሲሞከርም ይመልሳል። በዚህ ጊዜ ለሳኪዩል የማይመቸው ቃና ከሚመቸው ይልቅ ይጠቅማል።

ድምፁ ምንም ያህል ቢመረጥ ግን መንገዱ ከተዘጋ አይደርስም። ታምቡር ከተበሳ፣ መሐል ጆሮ ፈሳሽ ከያዘ ወይም አጥንቶቹ ከተጣበቁ ሳኪዩሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ምላሹ ይጠፋል። የሚመግል ጆሮ በልጆች ላይ በብዛት በሚታይባት ኢትዮጵያ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እዚህ የሚያዋጣው በአየር የሚሄደውን ድምፅ ትቶ የራስ ቅሉን በቀጥታ ማንዘር ነው። ሮዘንግረን፣ ቶድና ኮልባች እ.ኤ.አ. በ2005 እንዳሳዩት ንዝረት ከዓይን ሥር የሚመዘገብ ምላሽ ያስነሳል፤ ይህኛው በዋናነት ስለ ዩትሪክል ይናገራል። የንዝረቱ ጉድለት ሁለቱንም ጆሮ በአንድ ጊዜ መቀስቀሱ ነው።

የመጨረሻው ማወዳደሪያ ደኅንነት ነው። የሚለቀቀው ድምፅ ከ120 ዴሲቤል በላይ ሊሆን ይችላል። ክሊክ አጭር ስለሆነ አንዱ ምት የሚያስገባው ጠቅላላ ጉልበት ጥቂት ነው፤ ቶን በርስት ረጅም ስለሆነ በአንድ ዓይነት ከፍታ ብዙ ያስገባል፣ ግን ዝቅ ባለ ድምፅና በጥቂት ምቶች ሥራው ሊያልቅ ይችላል። ከምርመራው በኋላ መስማት የቀነሰበት ሰው ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2015 በሕክምና መጽሔት ወጥቷል። ስለዚህ መርማሪው ከመጀመሩ በፊት ሕመምተኛውን በጆሮው ጩኸት ይሰማው እንደሆነ፣ ድምፅ ያመው እንደሆነ መጠየቅ፣ መስማትንም ቀድሞ መለካት አለበት። ልጅ ሲሆን ጥንቃቄው ይበልጣል። የልጅ የጆሮ ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ ማሽኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሳይቀየር ታምቡሩ ጋር የሚደርሰው ግፊት ከአዋቂው ይበልጣል። ለአዋቂ 125 ዴሲቤል የሚለቅ ክፍል ለልጅ ወደ 120 ዝቅ ያደርገዋል፤ ምላሹ ጥርት ብሎ እንደታየም ያቆማል።