የዘመመ ቤት ለማቃናት

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ የለጋምቦን ብርድ አሳልፎ መካነ ሰላም ሲደርስ በመጀመሪያ ከዓይኑ የሚገባው ቆርቆሮ ነው። አዲሱ ቆርቆሮ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ያጥበረብራል፤ አሮጌው ዝጎ የሻይ መልክ ይዟል። ከቆርቆሮው በታች የቆመውን ግድግዳ ግን ልብ ብሎ የሚመለከተው ጥቂት ሰው ነው። ያ ግድግዳ ቀለም ቢቀባም፣ ሲሚንቶ ቢለብስም፣ በብዙው ቤት ውስጡ እንጨትና ጭቃ ነው። የዛሬው ጨዋታችንም ስለዚሁ ግድግዳ፣ ይልቁንም ግድግዳው ሲታመም መሮና መጋዝ ይዘው ስለሚያክሙት ሰዎች ይሆናል።

ነገሩን ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ በያዝሁ በመጀመሪያው ዓመት ከደመወዜ ላይ እየቆነጠርሁ ያጠራቀምሁትን ገንዘብ መካነ ሰላም ለምትኖረው አክስቴ ላክሁላት። አክስቴ ያሳደገችኝ ናት። ቤቷን አባቷ የሠሩት ሲሆን በኋላ እርሷ ሁለት ክፍል ጨምራበት አንዱን ለመንግሥት ሠራተኛ ታከራያለች፤ የወር ገቢዋም ይኸው ኪራይ ነው። እኔ ታዲያ ገንዘቡን ብቻ ልኬ ብተው መልካም ነበር። የተማረ ሰው ነኝና ትእዛዝ ጨመርሁበት፤ «ግድግዳውን በሲሚንቶ አስለስኚው፤ ጭቃ ይብቃሽ» አልኋት። እንዳልሁትም ሆነ። የዶሮ ሽቦ በምስማር ተመታበት፣ ሲሚንቶና አሸዋ ተለሰነበት፣ ከላይ ቢጫ ቀለም ተቀባ። ፎቶግራፉ በስልኬ ሲደርሰኝ ለባልደረቦቼ ሁሉ አሳየሁ።

ሁለት ክረምት አለፈ። በሦስተኛው ዓመት ግንቦት ላይ አክስቴ ደወለችና «ልጄ፣ በሩ እምቢ አለኝ» አለች።

በር በክረምት ርሶ ቢያብጥ ያለ ነገር ነው። በደረቁ ግንቦት እምቢ ሲል ግን ቤቱ ዘሟል ማለት ነው። ፈቃድ ጠይቄ ሄድሁ። እውነትም በምሥራቅ በኩል ያለው ግድግዳ ወደ ውጭ ተገፍቶ ሆዱን ነፍቷል፤ የበሩ መቃንም አብሮ ተጣሟል።

ከእኔ ቀድሞ አንድ ወጣት ሥራ ተቋራጭ መጥቶ አይቶት ነበር። የእርሱ ምክር አጭር ነው፤ ይፍረስና በብሎኬት ይሠራ። ሒሳቡን ሲነግረን አክስቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። በብሎኬት መሥራት ክፉ ነገር አይደለም፤ ገንዘቡ ላለው ሰው እኔም እመክራለሁ። ነገር ግን ቤቱ በፈረሰ ቀን ተከራዩ ይወጣል፤ ተከራዩ ሲወጣ ገቢው ይቆማል። ገንዘቡ መንገድ ላይ ቢያልቅ ደግሞ ራቁቱን የቆመ የብሎኬት ግድግዳ ያለ ጣራ ክረምት ይወርድበታል። እንዲህ ሳር የበቀለበት፣ ብረቱ የዛገ ጅምር ቤት በየከተማችን ስንት እንደሆነ አንባቢዬ ያውቀዋል።

በማግሥቱ የሰፈሩ ሰዎች ሌላ ሰው ጠሩልን። ዕድሜያቸው ወደ 60 የሚጠጋ፣ ቀጠን ያሉ፣ ትንሽ የሚያነክሱ ሰው ናቸው። ሰፈርተኛው ሁሉ «አያ» ነው የሚላቸው፤ እኔም እንዲሁ ልበላቸው። ሠራተኞቻቸው አንድ ልጃቸውና ሁለት የቀን ሠራተኞች ናቸው። «ኮንትራክተር» ብዬ ሳስተዋውቃቸው ሳቁና «እኔ ጠጋኝ ነኝ» አሉ።

አያ ስለ ሒሳብ ከመነጋገራቸው በፊት ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞሩት። ከዚያም ከግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብለው፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርገው፣ ሲሚንቶውን በመሮአቸው እጀታ አንኳኩ። እንደ ባዶ ገንቦ ጮኸ። ፈልቀቅ ቢያደርጉት ሽቦው ዝጎ ብትን ይላል፤ ከኋላው ያለው ጭቃ በበጋ እርጥብ ነው፤ ቋሚው እንጨት በጣት ሲነካ ይፈረፈራል።

«ይህን ካፖርት ማን ነው ያለበሳት?» አሉ።

አክስቴ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ቆርቆሮው አየሁ።

ያስረዱኝን ነገር እንደሚከተለው ተረድቼዋለሁ። ጭቃ ዝናብ ሲነካው ይጠጣል፤ ፀሐይ ሲወጣ የጠጣውን መልሶ ይተፋል። በዚህም ጊዜ ጥቂት ያብጣል፣ ጥቂት ይሰበሰባል። ሲሚንቶ ግን ግትር ነውና ከጭቃው ጋር ማበጥና መሰብሰብ አይሆንለትም፤ እንደ ፀጉር በቀጠነ መሥመር ይሰነጠቃል። ዝናቡ በዚያ ስንጥቅ ይገባል፤ የሚወጣበት ግን የለም። ውሃው ወደ ታች ይወርድና ቋሚው ከመሬት በሚገናኝበት ቦታ ይጠራቀማል። ያልተለሰነ ጭቃ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ በዓይን ይታይ ነበር፤ አንድ ቅዳሜ ጭቃ አቡክቶ መምረግ በበቃ። ቢጫው ቀለም ግን በሽታውን ሁለት ክረምት ሙሉ ደብቆ አቆየው። በዚህ ላይ ከደጅ ያለው መንገድ ጠጠር በተደፋበት ቁጥር ከፍ እያለ፣ የቤቱ መሠረት ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ቀርቷል። አሸንዳም የለም፤ የጣራው ጠፈጠፍ ከግድግዳው ሥር ይወርዳል።

አንድ ነገር ግን አስገረመኝ። አክስቴ የጨመረቻቸው ክፍሎች ቋሚዎች ሲበሰብሱ፣ የአያቴ ቋሚዎች ከሞላ ጎደል ደኅና ናቸው። ምክንያቱ እንጨቱ ነው። የአያቴ ቤት የቆመው በጽድ ሲሆን ጽድ ብስባሴንም ምስጥንም የሚቋቋም እንጨት ነው። ዛሬ ጽድ ቆርጦ ቤት መሥራት የለም፤ በዚያ በኩል የቀረው ትልቁ የተፈጥሮ ደን የደንቆሮ ጫካ ሲሆን እርሱም ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል፤ መሆኑም ደግ ነው። የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ የሆነው ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ የአብዛኛው ሰው ቤት የቆመው በእርሱ ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፣ ቀጥ ይላል፤ እግሩ እርጥብ መሬት ውስጥ ሲቀበር ግን ዕድሜው አጭር ነው። እኛ ደግሞ ቆርጠን ሳናደርቀው፣ ልጡንም በቅጡ ሳንልጥ፣ በሳምንቱ እንተክለዋለን።

እንጨትና ጭቃ በራሱ ደካማ ነው የሚል ካለ ወደ ላስታ ይሂድ። ከላሊበላ በስተ ሰሜን በዋሻ ውስጥ ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው በእንጨትና በድንጋይ ተደራርቦ የተሠራ ነው፤ ከ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቆሟል ይባላል። የዋሻው ጣሪያ ዝናብ አላስነካውም። ዋሻ የሌላቸው ደግሞ ሌላ ብልሃት አላቸው። በማሊ አገር በጄኔ ከተማ ያለው ትልቁ መስጊድ እ.ኤ.አ. በ1907 እንደገና የተሠራ የጭቃ ሕንፃ ነው፤ የከተማው ሕዝብ በየዓመቱ ተሰብስቦ፣ ከግድግዳው ወጣ ወጣ ባሉት እንጨቶች ላይ እየተንጠላጠለ ይመርገዋል። እኛ አንድ ጊዜ ሠርተን ዳግመኛ ላለመንካት እንመኛለን።

ወደ አያ ልመለስ። ከዚህ በኋላ የመጣው ጉዳይ ከእንጨቱ ይልቅ አስቸጋሪ ነበር፤ ውል።

ቤት የሚያድስ ሰውና ባለቤቱ የሚጣሉበትን ምክንያት ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። አዲስ ቤት ሲሠራ የሚሠራው ነገር በፕላን ላይ ይታያል። አሮጌ ቤት ሲጠገን ግን ግድግዳው ተከፍቶ እስኪታይ ድረስ ጠጋኙም አያውቀውም። አምስት ቋሚ ይቀየራል ብሎ በቁርጥ የተዋዋለ ሠራተኛ ግድግዳውን ሲከፍት አሥር የበሰበሰ ያገኛል። ያን ጊዜ ወይ ተጨማሪ ይጠይቃል፣ ባለቤቱም «አታለለኝ» ይላል፤ ወይ ደግሞ አምስቱን ቀይሮ አምስቱን መርጎባቸው ይሄዳል። ቀብዱን ተቀብሎ በዚያው የሚጠፋም አለ። በቃል ብቻ ስለሚዋዋሉ ዳኛም ሽማግሌም የሚይዘው ነገር የለም።

ስለዚህ «በወረቀት እናድርገው» አልሁ። አያ ፊታቸው ጠቆረ። «ሠላሳ ዓመት ስሠራ ወረቀት የጠየቀኝ የለም» አሉ። አክስቴም አፈረች፤ በጎረቤት ላይ ወረቀት ማውጣት እንደ ስድብ ነው የቆጠረችው። እኔ ግን አልተውሁም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ቤት የሠራ ሥራ ተቋራጭ ካስረከበበት ቀን ጀምሮ እስከ 10 ዓመት ድረስ ለሥራው ደኅንነትና ጥንካሬ ዋስ እንደሚሆን፣ በመሬቱ ጠባይ ምክንያት ለሚደርሰው ብልሽትም ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። ይህንኑ ነገርኋቸውና ለእኛም ሥራ ከዚያ ሐሳብ እንድንበደር ጠየቅኋቸው።

አያ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «ዐሥር ዓመት?» አሉ።

«ዐሥር ዓመት።»

«እሺ፤ እኔ ዐሥር ዓመት ዋስ ልሁን። እትዬስ ዋስ ይሆናሉ?» ብለው ወደ አክስቴ ዞሩ። «በየዓመቱ ግንቦት ሳይወጣ ቦዩን ያስጠርጋሉ? ምርጊቱ በተቦደሰበት ያስመርጋሉ? ከግድግዳው ሥር የጎመን መደብ አያበጁም? እርሱም ይጻፍ። እኔ አቁሜ ሄጄ እርስዎ ውሃ ካጠጧት፣ እኔ ምን ላድርግ?»

እውነቴን ነው የምላችሁ፤ እኔ ለውል የተዘጋጀሁት ሠራተኛውን ለመያዝ ብቻ ነበር። ባለቤቱን የሚይዝ አንቀጽ በሐሳቤ አልመጣም። አክስቴ ግን ሳቀችና «የጎመኑስ ነገር በጣም ነው፤ ይሁን፣ ይጻፍ» አለች።

በደብተር ወረቀት ላይ ጻፍነው። ዋጋው በጠቅላላ ሳይሆን በቋሚ ቁጥር እንዲሆን አያ ራሳቸው ሐሳብ አመጡ፤ ግድግዳው ሲከፈት የበሰበሰው ሁሉ በአክስቴ ፊት ይቆጠራል፣ ለእያንዳንዱ የተወሰነ ዋጋ ይከፈላል። ዕቃ የምትገዛው አክስቴ ናት። ክፍያው ሦስት ጊዜ ነው፤ አንዱ ሲጀመር፣ አንዱ ጣራው በአዲሱ ቋሚ ላይ ሲያርፍ፣ የመጨረሻው ምርጊቱ ደርቆ ከታየ በኋላ። ሁለት ጎረቤቶች ምስክር ሆነው ፈረሙ።

ሥራው ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ከሁሉ በፊት የጀመረው ጭቃው ነው። አያ በግቢው ያለውን ጥቁር አፈር «ይህ ይሰነጠቃል» ብለው አልነካም አሉ፤ ቀይ አፈር በአህያ አስመጡ። የጤፍ ጭድ ተነሰነሰበት፣ ውሃ ጠጣ፣ በእግር ተረገጠ፤ በየቀኑ እየተረገጠ አራት ቀን ተብላላ። ሽታውን ለተከራዩ ይጠይቁት። የሰፈሩ ወጣቶች በወንፈል መጥተው ረገጡ፤ አክስቴም ንፍሮና ጠላ አቀረበች።

በአምስተኛው ቀን ጣራው ሥር ፑንቴሎ ገባ። አያ ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር የተዋሱትን ክሪክ ከወራጁ በታች አስቀምጠው በጣም በቀስታ፣ በየመሐሉ ቱንቢ እየጣሉ፣ አነሡት። እኔ ቆርቆሮው ሁሉ የሚወርድ መስሎኝ ከደጅ ወጣሁ። ጣራው የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ከፍ ባለ ጊዜ ያ እምቢተኛ በር ማንም ሳይነካው ሲጥ ብሎ ተከፈተ። አክስቴ እልልታዋን አቀለጠችው።

ግድግዳው ሲከፈት የበሰበሱት ቋሚዎች 12 ሆኑ። እኛ የገመትነው ሰባት ነበር። በአሮጌው አሠራር ቢሆን ጠቡ የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ አሁን ግን አክስቴ በጣቷ ቆጥራ ገንዘቡን አወጣች። አዲሶቹ ቋሚዎች በመሬት አልተቀበሩም። ከሥራቸው በድንጋይና በሲሚንቶ የተሠራ፣ ከመሬት ሁለት ስንዝር ከፍ ያለ መሠረት ተበጅቶ በዚያ ላይ ቆሙ። «ሲሚንቶ ጠላቴ አይደለም፤ ቦታው ግን ከታች ነው» አሉ አያ። ከዚያ ማገሩ ታሰረ፣ ቤቱ ተመረገ፣ ሲደርቅ በእበት ተለሰነ፣ በላዩ ኖራ ተቀባ። ጠፈጠፉን የሚቀበል አሸንዳ፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ የሚሄድ ቦይም ተሠራ። የወጣው ገንዘብ ሁሉ ተደምሮ የብሎኬቱ ሒሳብ አጠገብ አይደርስም፤ ተከራዩም አንድ ሌሊት ከክፍሉ አልወጣም።

አያን የሚያሳስባቸው ልጃቸው ነው። ልቡ ያለው በብሎኬት ሥራ ላይ ነው፤ እዚያ ሥራው በካሬ ተለክቶ ይከፈላል፣ ሰውም ባለሙያ ይለዋል። ጭቃ የሚረግጥን ሰው ባለሙያ የሚለው የለም። ልጁን አልፈርድበትም፤ እኔም ብሆን ከሦስት ዓመት በፊት አባቱን የቀን ሠራተኛ ነበር የምላቸው። ነገር ግን በየሙያ ትምህርት ቤታችን ብሎኬት መደርደር ከሚማሩት ወጣቶች መካከል ጥቂቶቹ እንኳ የዘመመ ቤት በክሪክ አንሥቶ እግሩን መቀየር ቢማሩ ምን ይጎዳል? ሥራው እንደሆነ በየመንደሩ ሞልቷል።

አክስቴ ስለ ቤቷ ስትጠየቅ ጥሩ ነው ትላለች። ቢጫው ቀለም ግን ያምር እንደ ነበር ሳትናገር አታልፍም። ባለፈው ቅዳሜ ስደውልላት ስልኩን ያነሣው ተከራይዋ ነው። «ደጅ ናቸው፣ ቦዩን እያስጠረጉ ነው፤ አያም ቆመው ያያሉ» አለኝ።